አትፈትጊው

ጋሽ ነጂብ፣ ጎማ ነጋዴው፣ ባጃጅ ልኮ አስጠራኝ፤
«እድፍ ታውቂያለሽ አሉ» ብሎ ጋራዡን ከፍቶ አስገባኝ።
መኪናው ደጅ ተጥሎ በከዚራ ፀሐይ ይጋገራል፣
ውስጥ፣ በጥላው፣ ነጭ ሸራ ተገትሮ ይኖራል፤
ከጣሪያ እስከ ወለል፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣
የሰርግ ድንኳን የሚያህል፣ ያልተጠራበት እንግዳ።

ማሽኑን ሲያበራው ሸራው ላይ ሣር በቀለ።
ድሬ ላይ ሣር! ኩሬ አለ፣ ጭጋግ አለ፣ ወፍ አለ።
ዱላውን አዙሮ መታ፤ ኳሱ ሸራው ላይ «ዷ!» አለ፣
ተመልሶ እግሬ ሥር ተንከባለለ፤
በምስሉ ውስጥ ግን ገና ይበራል፣
ኩሬውን ይሻገራል።
«ሁለት መቶ ሜትር!» ይላል ጋሽ ነጂብ።
እግሬ ሥር ያለውን አየሁ፤
የሰው ቤት ነው፣ ዝም አልሁ።

እድፉ መሃል ላይ ነው፤ ሰፌድ ያህላል፣ ጥቁር ግራጫ፤
ሠራተኛዋ በረኪና ሞክራ ጥጉን አድርጋዋለች ቢጫ።
«ሙቅ ውሃስ?» አለኝ። ሙቅ ውሃ!
ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቆመ ሰው ያውቃል፤
ሙቅ ውሃ እድፍን ያበስላል፣ ከክሩ ጋር ያጋባዋል፣
ከዚያ በኋላ ፍቺ የለም።

መጀመሪያ አቧራውን፣ በደረቁ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች፤
የድሬ አቧራ ውሃ ካገኘች ጭቃ ሆነች ማለት ነው፣ አበቃች።
ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውሃ፣ የሕፃን ሳሙና ጠብታ፣
ነጭ ጨርቅ፤ ባለቀለሙ የራሱን ነውር ይተዋል በእድፉ ቦታ።
ነካ አድርጎ ማንሳት፣ ነካ አድርጎ ማንሳት፣
ልክ እንደ ባለትኩሳት ልጅ ግንባር።
«አትፈትጊው» ትለኝ ነበር
ሮማነወርቅ፣ የሽመና ክፍሏ፣
ሁለቱን ማሽን በልቶባት በቀሩት ሦስት ጣቶች እያሳየችኝ፤
«የተፈተገ ክር ፀጉር ያወጣል፤ ከእድፉ የባሰ እሱ ነው» እያለችኝ።

ጥቁሩ ለቀቀ። ግራጫውም ተከተለ።
ሰማያዊው ግን፣ ጭረት ጭረቱ፣ እንዳለ አለ።
መነጽሬን አውጥቼ ተጠጋሁ፤ ፊደል ይመስላል፣ ግን አይነበብም፤
ዐረብኛም አይደለም፣ የኛም አይደለም።
አልኮል ሲነካው ቀለሙ እንዳይሰራጭ ከጀርባ ደረቅ ጨርቅ ይያዛል፤
ስለዚህ ዞሬ ገባሁ፣ በግድግዳውና በሸራው መሃል።
ከፊት መብራቱ በርቷል፤
ሣሩ በጨርቁ አልፎ ፊቴ ላይ ይወርዳል።
እዚያ ነው ያነበብሁት፣ ቀጥ ብሎ፦
ነጂብ፣ ነጂብ፣ ነጂብ፣ ጎን ለጎን፣ አንዱ ባንዱ ላይ፣
ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ፣ በኩሬው፣ በዛፉ፣ በዚያ በማይዘንብ ሰማይ።

«ኳሱ ላይ ስምህን ጽፈሃል?» ብዬ ጮህሁ ከኋላ።
«እንዳይቀየርብኝ ነዋ!»
«ከማን ኳስ ጋር?»
ዝም አለ። ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል።
«ሜዳ ላይ ሰው ይበዛል፤ ደንቡ ነው» አለ ቆይቶ።
«ሜዳ ረግጠህ ታውቃለህ?»
«ኢንሻአላህ» አለኝ፣ ድምፁ ተሸራርፎ።

በጥጥ፣ በመድኃኒት ቤት አልኮል፣ እያንዳንዱን ነጂብ አነሳሁት፣
እስከ ዐሥር ሰዓት። የቀረ ቢኖር እኔ አላየሁት።

«ስማ፣ ወይ መጻፉን ተው፣ ወይ ገልብጠህ ጻፈው፤
ቢያንስ ቀጥ ብሎ ይታተምና እንግዳ ሲመጣ ያንብበው።
እስኪደርቅ ደግሞ አትምታ፤
ማራገቢያ እንጂ ፀሐይ አይንካው።
እርጥብ ጨርቅ የነካውን ሁሉ ይይዛል።»
የሰማኝ መሰለኝ፤ ራሱን ነቀነቀ፣
ሂሳቤን ቆጥሮ ሰጠኝ፣ የባጃጁን ጨምሮ።

ሙቀቱ ደጅ ላይ እንደ ባለዕዳ ፈላጊ ቆሞ ጠበቀኝ፤
ሻሼን አጥብቄ የግቢውን በር ከኋላዬ ልዘጋ ስል
ሰማሁት፦
«ዷ!»