የበረኛው ሒሳብ

ፊደል አልቆጠርሁም፣ መጥረጊያ ነው እጄ፣
ስንት ጧት ጠረግሁት ይህን በር ማልጄ።
በሉዎያንግ ከተማ፣ በምሥራቁ ሰፈር፣
የሰው ዕድል ሚዛን ፋንድያ ነው በበር፤
ዐሥር ቅርጫት ሲሞላ ጌታዬ ተሹሟል፣
ሁለት ቅርጫት ሲሆን አንድ ሰው አኩርፏል።

ድሮማ ጌታዬ፣ ሩዋን ዴሺን ማለት፣
ጨርቅ በጫንቃው ይዞ ዟሪ ነበር ቤት ለቤት፤
ዐይኑን ከድኖ ሐሩን በጣቱ ዳስሶ
አገሩን ይነግርሃል፣ ዋጋውንም ጨርሶ።
አንድ ቀን እኅቱን፣ ሹፌንን ወሰዷት፣
ከሺህ ሴቶች መሀል ንጉሡ ለያት፤
ጨርቅ አዟሪ ውሎ አማች ሆኖ አደረ፣
ማኅተም በሐምራዊ ጥብጣብ ወገቡ ላይ አሰረ።

ሰረገላ መጣ፣ ሰረገላ ሄደ፣
የኔም ወገብ ጎብጦ ፋንድያ ወደደ።
ያላየነው ዘመድ፣ ያልሰማነው አጎት፣
ዳክዬ አንጠልጥለው ደጅ ጠኑ ቀን ከሌት።

ጌታዬ ግን ማታ፣ እንግዳ ሲበተን፣
ደረጃው ላይ ተቀምጦ፦ «ዛሬ ስንት ሆነን?»
«ዘጠኝ» ስለው ይበላል፣ «ሰባት» ስለው አይቀምስም።
አንዳንዴም ዋሸሁት፤ ሰማይ ይቅር ይበለኝ፣
ያ ሐር የለበሰ ሰው ፊቱ አሳዘነኝ።

መኸር ላይ አዲስ ሴት ወደ ግቢ ገባች፣
የሹፌንን ስም ይዛ ጆሮ ሥር ተንሾካሾከች፤
ጌታዬን ያነሣው፣ ጌታዬን የጣለው፣ ያው አንድ ቃል ነው፦ አማች።

በማግስቱ አራት፤ ከዚያም ሁለት ቅርጫት፤
ከዚያም ያንድ አህያ፣ እሷም መንገድ ጠፍቷት።
አጎቶቹ ሁሉ ስም ለውጠው ወጡ፣
ሁለቱ ዳክዬውን ይመለስ ሊሉ መጡ።

ውርጭ በጠና ጧት አንድ ጃንደረባ
ትንሽ ሣጥን ይዞ፣ ሳይወርድ፣ በበቅሎው ገባ።
ክዳኑ ሲነሣ ነጭ ሐር ከሥሩ፤
ምን ማለት እንደሆን ሕፃን ያውቃል ባገሩ።

ጌታዬ አላለቀሰም። ዐይኑን ከደነ፤
በጣቱ ዳሰሰው፤ ፊቱ ብርሃን ሆነ፤
በክንዱ ዘረጋው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለ፤
«የሹ አገር ነው። የጸደይ ትል። እንከንም የለ።
ስምንት ክንድ ሙሉ ነው። ገበያ ላይ ቢሆን
ከሠላሳ በታች ባልሸጥሁት ነበር።»
ይህን ብሎ ገባ። እኔም ዘጋሁ በር።

አሁን አዲሱ አማች በዚሁ ቤት አለ፤
ጧት ዐሥራ ሁለት ቅርጫት፤ ወገቤ ዛለ።
ማታ ደረጃው ላይ ከጎኔ ይቀመጣል፤
«ስንት ሆነ?» ይለኛል።