ጥፊ፣ በሐምሳ ፔሶ

እኔ አስታዋሽ ነበርኩ፣ ከመድረኩ ወለል
በጠባብ ሳጥን ውስጥ፣ ሻማ ይዤ በግል፤
ቃል የጠፋው ተዋናይ ዓይኑ ወደኔ ሲል
ሹክ የምለው እኔ፣ ስሜ የማይጠራ፣
ጭብጨባው ሲያበቃ ከሣጥኔ ወጥቼ
ወንበር የምጠርገው ከጽዳቶች ጋራ።

ሊዮኒላ ሱማጋይሳይ ግን ሹክታ አልፈለገች፤
የሰውን ቃል ሁሉ የራሷ አደረገች።
በኢሎኢሎ ቴአትር፣ በእንጨቱ መድረክ ላይ፣
ሃያ ዓመት ሙሉ ንግሥት፣ ባልቴት፣ መነኩሲት፣ ገዳይ።
ደመወዟ ሩዝ ነው፣ ሲከፋም ደረቅ ዓሣ፤
ጣሪያው ሲያፈስባት ዘውዷን ከራሷ አውርዳ
ጠብታ ትቀበልበት ነበር፣ ቃሏን ሳትረሳ።

ኋላ ማኒላ ጠራቻት፣ ለምሽት ድራማ።
«ቅንድብሽ ክፋት ያውቃል» አላት አዘጋጁ፣
ሊያሞግሳት እንጂ ሊያማ
አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት፣ ሁልጊዜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣
ዶኛ ኢስኮላስቲካን ሆነች፦ የሙት ልጅ ርስት ቀማኛ፣
የምራቷ መርዝ፣ የአገልጋይ ጉንጭ ዳኛ።
ገበያ ስትወጣ ዓሣ ሻጩ ሚዛኑን ይደብቃል፣
ሕፃን ከእናቱ ቀሚስ ይወሸቃል።
አንዲት አሮጊትማ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣
«ቤቷን መልሺላት!» ብላ በጃንጥላ ነረተቻት፣
ስለዚያች የፊልም ልጅ።
ሊዮኒላ ጎንበስ ብላ «ነገ እመልሳለሁ» አለች፤
በነገው ክፍል ግን ልጅቱን ከነሻንጣዋ ውጭ ጣለች።

ያ አውሎ ነፋስ የመጣው በኅዳር ነው፣ በሌሊት።
ባሕሩ እግር እንዳለው ሰው መንደር ለመንደር ዞረ፤
የጀልባ ስባሪ ከማንጎ ዛፍ ጫፍ ተሰቅሎ አደረ።
ከንቲባው ንግግር ሰጠን። ረጅም ነበር።
ሊዮኒላ የዶኛዋን ጥቁር ቀሚስ ለበሰች፣
ከገበያው በር ወንበር ዘርግታ ተቀመጠች፣
ካርቶን ላይም እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ጥፊ፣ በሐምሳ ፔሶ። ከነስድቡ ሰባ።
ገንዘቡ ለጀልባ።»

ሰው ሳቀ። ከዚያ ተሰለፈ።
ፖሊሱ፣ የባንኩ ገንዘብ ያዥ፣ ሙሽራዋ ከነቬሎዋ፤
የጥርስ ሐኪሙ ሁለት ጊዜ መጣ።
እጇ ጉንጭ ሳይነካ ያልፋል፤ ድምፁን እኔ ነኝ የምሰጥ፣
ከወንበሯ ኋላ መዳፌን አጋጭቼ፣ እንደ ጥንቱ፣ ሳልገለጥ።
የብስኩት ቆርቆሮው ሞላ። ሦስት ጀልባ ሆነ።

አንድ ዓርብ ቴዎፊላ መጣች፣ ባሏን ባሕር ያስቀረባት፣
ሐምሳ ፔሶ በመሐረብ ቋጥራ፣ ጨው የበላው እጅ ያላት።
«መመታት አልፈልግም» አለች። «እኔ ልምታሽ።
አሥራ አንድ ዓመት ከእራታችን ፊት ተቀምጠሽ፣
ባሌ ‹ይቺን ሴትዮ ባገኛት!› እንዳለ ሄደ።
የሱን ነው የማደርሰው።»

ሊዮኒላ ጉንጯን ሰጠች።

ያ ጥፊ የኔን መዳፍ አልፈለገም። እርግብ ከጣሪያው ተነሣ።
ገበያው ጸጥ አለ፤ ሚዛን ላይ ተንፈራገጠ አንድ ዓሣ።
እኔ ከኋላ ሆኜ ቃል ፈለግሁላት፣
ንግሥቶቹ ካሉት፣ መነኩሲቷ ካለችው፣ ካነበብኩት ሁሉ።
አንድም አልነበረም።
በፊልም ሥራ፣ ለዕንባዋ ሜንቶል ነበር የሚቀቡላት፤
ያን ቀን ሜንቶል አልነበረም።
ሴትዮዋ በዚያው መሐረብ ዓይኗን ጠረገችላት፣
ፔሶዋን ቆርቆሮው ውስጥ ጨመረች፣
«መልስ አልፈልግም» ብላ ሄደች።

አሁን ዶኛዋ ሞታለች፣ በድርሰቱ፣ ከደረጃ ወድቃ።
ሊዮኒላም ጉልበቷ ይዟታል። ጋዜጣው ስለ ዘጠኝ ዋንጫዋ ጻፈ፣
ስለ ጀልባዎቹ አንዲት መስመር፣ ቁጥሩንም ስቶ።
እኔ ቁጥሩን አውቃለሁ፤ ንጋት ላይ ወደቡ እወርዳለሁ፣
አሥራ ሰባቱም የቀርከሃ ክንፋቸውን ዘርግተው ሲወጡ አያለሁ።
የቅዱሳን ስም አላቸው፣ የሚስት፣ የእናት።
የቴዎፊላ ልጅ የምትቀዝፋት ግን፣ ትንሿ፣ ሰማያዊዋ፣
ጎኗ ላይ በነጭ ቀለም «ጥፊ» ተብሎ ተጽፎባት፣
ማዕበል ሲመጣ አትሸሽም፤ ፊት ለፊት ትሄዳለች፣
አንዴ አጩላው ታልፋለች።