ችካል

ፕሮግራሙ ዘፈኑን ባንድ ትንፋሽ ሰምቶ ፍርዱን ሰጠ፤
መቶ ሠላሳ ሁለት ብሎ ቁጥሩን አስቀመጠ።
እንደ ቸኮለ ቀያሽ፣ ገደሉን በዓይኑ ዘሎ፣
ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመዱን ወጠረው «በቃ» ብሎ።

ለጊዜው እውነት ይመስላል። መስመሩና ምቱ ገጠሙ።
ወዲያው ግን ብረቱ ቀደመ፣ መስመሮቹ ባሉበት ቆሙ፤
አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት እያለ ልዩነቱ ሰፋ፣
በሄድፎኔ ውስጥ እግሬን የማሳርፍበት ጠፋ።

ፕራያ፣ አሻዳ ሰፈር። ሌሊቱ ሰባት ተኩል።
ታች መንገዱ ላይ የዓሣ ጭነት የሚጠብቅ ሚኒባስ
ሞተሩን አላጠፋም፤
እሱ እንኳ እኩል አይመታም።

ካሴቱ የአጎቴ የአርሊንዶ ነው፤ ባንድ በኩል የተሰነጠቀ፣
በደበዘዘ እስክሪብቶ «የቤንቪንዶ ግቢ፣ ዝናብ ያባራ ዕለት»።
ቅዳሜ ልጁን ሌኒራን ይድራል።
«የፈለግሽውን አጫውቺ» አለኝ፤ «ይህችን ከተውሻት ግን
ሳጥንሽን ተሸክመሽ እንዳትመጪ።»

ተከታዩ ዘፈን የዘንድሮ ነው፤ በኮምፒውተር የተወለደ፣
ካንዲት መስመር ፀጉር ታህል ፈቀቅ ብሎ ያልሄደ።
«አስማማ» የሚለውን ቁልፍ አምኜ ሁለቱን ባገናኝ
ሁለት ጋሪ በጠባብ መንገድ ሲላተም ይሰማኛል።

መጀመሪያ ባትሪውን ጠረጠርኩ።
የቀረጸው ቴፕ ባትሪው ከደከመ ኋላ ሲሰማ ሁሉ ይፈጥናል፣
የሰው ድምፅ ይቀጥናል፣ አኮርዲዮኑ እንደ ጫጩት ይጮኻል።
ቅኝቱን ለካሁ፤ ከመነሻው እስከ ማብቂያው ያው ነው።
ማሽኑ ከወቀሳ ነፃ ነው።
የሮጠው ሰው ነው።

ስለዚህ ገመዱን ፈትቼ ችካል ያዝኩ።
አራት ምት ቆጥሬ አንድ፣ አራት ምት ቆጥሬ አንድ፣
መሬቱ ወደ ዞረበት እየዞርኩ፣
መቶ ሠላሳ ሁለት። መቶ ሠላሳ አምስት። መቶ አርባ አንድ።
ቤንቪንዶ ግቢው ሞቆለታል፤ ሴቶቹ ያጨበጭባሉ፤
ጭብጨባው ለብቻው፣ ከሁሉ ግማሽ እርምጃ ቀድሞ ይነዳዋል።

ዘጠና ስድስተኛው ችካል ላይ እጄ ማውሱ ላይ ቀረ።
ብረቱን የሚፍቀው ቢላዋ አመለጠ፤
ሁለት ምት ዝም።
አኮርዲዮኑ ግን ጥሎት አልሄደም፤
አንዲት ድምፅ ይዞ ሳበ፣ ሳበ፣
ጫማውን የሚያስር ጓደኛውን
ደጃፍ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ሰው።
ፍጥነቱ መቶ ሃያ ዘጠኝ ወረደ።
ቢላዋው ተመለሰ፤ ነከሰ፤ እንደገና ከነፉ።

ብረቱን የሚፍቀው አጎቴ ነበር።
አውራ ጣቱ ላይ ያለችውን ጠባሳ
«ዓሣ ስበልት ነው» ይለን ነበር።

ፕሮግራሙ ለዚህም መላ አለው፤ «ላስተካክለው?» ይላል፤
አንድ ጠቅታ፣ ያ ሁሉ መጠበቅ ቀጥ ብሎ ይሰለፋል።
እምቢ አልኩት።
የዘንድሮውን ዘፈን ከአሮጌው ኋላ አሰርኩት፤
አሮጌው ሲሮጥ ይሩጥ፣ ሲቆም ይቁም፣
ቢደናቀፍም ይደናቀፍ።
ስጨርስ ሚኒባሱ ሄዷል፣ ዓሣው መጥቶ ተሽጧል።

ቅዳሜ፣ ዘጠና ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ቀና አልኩ።
የሚጨፍረው ሰው ቁጥር የት ያውቃል?
ግን የሁሉም ጉልበት ባንድነት ዘገየ፣
የሌኒራ ቀሚስ ጫፍ አየር ላይ ቆየ።
አጎቴ በሩን ተደግፎ
የብርጭቆውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ይመታ ነበር፤
እዚያ ሲደርስ ሁለት ምት ተወ።

መቶ አሥራ ሁለተኛውን ችካል ግን አሳስቼው ኖሯል፤
የዘንድሮው ሲገባ ጋሪዎቹ በስሱ ተነካኩ።
አንድ ልጅ ዞር ብሎ አየኝ።