የመመለሻ ቀን

መጋቢት ነው። ቫልዲቪያ ጭጋጓን ደርባለች፣
ወንዟን እንደ ሕፃን ሸፋፍና አድራለች።
ከዓሣ ገበያው ሥር የባሕር አንበሳ
ያገሳል ሌሊቱን፣ ጎረቤት እስኪነሣ።
እኔም ማኅተሜን ባዲስ ቀለም ነክሬ፣
የቀኑን ቁጥር በጣቴ አዙሬ፣
ከበሩ ግራ ነኝ፣ የማታው ተረኛ፣
ኔልዳ ፓይያን እባላለሁ፤ ግማሽ ነርስ፣ ግማሽ ዳኛ።

አዲሶቹ ሲመጡ ደጃፍ ይቆማሉ፣
ጫማቸውን አይተው ወለሉን ያያሉ።
«መግባት ይቻላል ወይ?» ይሉኛል በሹክሹክታ፤
ይቻላል፤ በነጻ ነው፤ ከጧት እስከ ማታ።
ጃንጥላም እናውሳለን፣ የሒሳብ ማሽንም፤
ለተሰበረ ልብ ግን መሣሪያ የለንም።

ዮቪታ ኦያርሱን፣ የቺሎዌ ደሴት ልጅ፣
ሹራቧ ጨው ይሸታል፣ አባቷ ዓሣ አጥማጅ፤
ሁለት ሰዓት ሙሉ ባንድ መደርደሪያ ዞረች፤
መጠየቅ ነውር መስሏት፣ ማስቸገር ፈራች።
ተነሥቼ ሄድኩ። «ምን ፈልገሽ ነው?» አልኳት።
«ሞገድ» አለችኝ።
ስለ ሞገድ የሚያወራ፣ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ሰጠኋት።
ውጭ ይዘንብ ነበር፤ ጃንጥላ ጨመርኩላት፣ ቁጥር አሥራ አንድ።
መጽሐፉን በሹራቧ ውስጥ ደበቀችው፤
ራሷን ሳይሆን እሱን ከዝናብ አዳነችው።
መመለሻ ቀን፦ መጋቢት ሃያ ስምንት።

በሰኔ ሰማዩ ጣሪያውን ይደበድባል፣
የእርጥብ እንጨት ጭስ መንደሩን ይጋርዳል።
የኪራይ ክፍላቸው ግድግዳው ያለቅሳል፤
ስለዚህ ሁሉም ሰው በትምህርት ያሳብባል።
አንዱ ካልሲውን ማሞቂያው ላይ ያሰጣል፣
አንዷ ኬሚስትሪ ተንተርሳ ታንኮራፋለች።
ደንቡ ግድግዳው ላይ «መተኛት ክልክል ነው» ይላል፤
እኔ ወደዚያ ስዞር መነጽሬን አወልቃለሁ።

ዝናብ የበላው መጽሐፍ ሲመጣልኝ
ገጽ ከገጽ መሃል ሶፍት አስገባለሁ፣
እንደ ቁስል በየማለዳው እቀይርለታለሁ።
አንዳንዱ ይድናል። አንዳንዱ አብጦ ይቀራል፤
ያበጠውም ቢሆን ይነበባል።

የሐምሌ ፈተና፦ መብራት እስከ ንጋት፣
ወንበር የሚጠብቅ ጃኬት፣ ቀዝቅዞ የተረሳ ሻይ፣
ኤሊሴዎ የሚባል የሕግ ተማሪ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት
«ማጣቀሻ እንዴት ይጻፋል?» ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ።
አጠገቡ ተቀመጥኩ። ነጠላ ሰረዝ ነበር የጎደለው።
ሳቀ፤ ጎረቤቱም ሳቀ፤ እኔም ዝም በሉ አልኩ፣ እየሳቅኩ።

በነሐሴ ዮቪታ ቀረች።
«ጀልባቸው ተሰብራ፣ አባቷ ወገቡን ታሞ ነው፤
ለሳምንት ነው ያለችው» አለች አብራት የምታድረው።
ሳምንቱ ሳምንት ወለደ።
ኮምፒውተሩ በቀይ ጻፈ፦ «ዘግይቷል»።
እኔ ዓርብ ዓርብ፣ ሰው ሳያየኝ፣ ቁልፉን እጫናለሁ፣
ሁለት ሳምንት፣ እንደገና ሁለት ሳምንት፣
ዕዳ ሆኖ እንዳይከብዳት፤
እሳት እንዳይጠፋ እንደሚጨመር እንጨት።

መስከረም መጣና ሣሩ ላይ ተኙ፤
ለፀሐይ ብለው ከእኛ ተለዩ።
አልተቀየምኩም።
ኅዳር ሲሆን ግን የመመረቂያ ጽሑፍ ታቅፎ
ሁሉም ይሮጣል፤ ማተሚያው ወረቀት ይነክሳል፣
የገጽ ቁጥር ከመሃል ይጠፋል፤
እኔ አገኝለታለሁ፤ የት እንደሚደበቅ አውቃለሁና።

ታኅሣሥ ላይ ሒሳብ ይዘጋል።
አለቃዬ ዶን አኒባል ዝርዝሩን ዘረጋ፣
ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።
«ይሄ ጠፍቷል በይና ሰርዢው።»
«አልጠፋም፤ ደሴት ላይ ነው» አልኩት።
ብዙ ቆየ። ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ፤
ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር እያለ።

ማኅተሙን አዞርኩት፤ የበጋውን ሁለት ወር አልፎ፣
መጋቢት ላይ ቆመ።
መብራቱን አጠፋሁ።
በር ላይ ጃንጥላዎቹን ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ፤
ቁጥር አሥራ አንድ የለችም።
እሷንም አደስኳት።