ጣሪያው ያልነገረኝ

ባቱሚ ላይ ዝናብ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣
ባሕርና ሰማይ ድንበር ሳይካለሉ።
እኔ ከሦስተኛው፣ እነሱ ከአራተኛው፣
በመሃላችን ያለው ጣሪያ ነው ዳኛው፦
ወፍራሙን ያሳልፋል፣ ቀጭኑን ያግዳል፤
ለሁለት ከተበጀው አንዱ ብቻ ይወርዳል።

ሠላሳ ዓመት ክሬን ወደብ ላይ ነድቼ
ከብረት ጩኸት የተረፈ ጆሮ ይዤ ገብቼ፣
የማውቀው ኦታርን ብቻ ነው።
ድምፁ ከባድ ቁም ሣጥን ነው፣
ቀስ ተብሎ ወለል ላይ የሚጎተት።
የማክቫላን ዜማ የማነበው ከዝምታው ነው፣
እሱ ትንፋሹን ውጦ ከሚጠብቅበት።

ከዘፈኑ በፊት ክርክሩ ይመጣል።
«ይቺን መስመር ስጪኝ!»
መልሷ አይሰማም።
«ከኔ ጋር ስትዘፍኚ ለምን ትሮጫለሽ?»
መልሷ አይሰማም።
ወንበር ይንቋቋል፣ የቾንጉሪው ክር ይወጠራል፣
ከዚያ ሳቅ።
ሳቋ ወፍራም ነው፤ ጣሪያውን ያልፋል።

ሁለቱም አምሳን አልፈዋል።
እሷ ሁለት ባል ፈትታ፣ እሱ የወንድሙን ዕዳ ከፍሎ፣
የተገናኙት አምና ነው፣
የሌላ ሰው ሠርግ ላይ ለገንዘብ ሲዘፍኑ።
«ጠጕር ከሸበተ በኋላ!» ይላሉ የግቢው ሴቶች።
እኔ ምን አገባኝ።
ሊፍቱ ከተበላሸ ዘጠኝ ዓመቱ፤
አኮርዲዮን ተሸክሞ ሰባ ደረጃ የሚወጣ ሰው
ካላፈቀረ ምን ሆኖ ይወጣል?

ሐሙስ ማታ በመጨረሻዋ ስንኝ ተጣሉ።
«አንድ ድምፅ ላይ እንረፍ» አለ እሱ፣
«ሰው ቤቱ መድረሳችንን ይወቅ።»
እሷ ምን እንዳለች ጣሪያው አልነገረኝም።
ረዥም ነበረ ግን፤
ኦታር ሦስት ጊዜ «ማክ...» ብሎ ሦስት ጊዜ ተቆረጠ።

በሩ ተዘጋ። ጫማው ደረጃውን ወረደ፣
የኔ በር ላይ ሲደርስ ቆመ።
ጃንጥላውን ረስቷል፤
ወይ ዝናቡን ፈርቷል፣
ወይ ራሱን ጠልቷል።

ያኔ ከላይ መጣ
ኦታር የሌለበት የኦታር ዜማ።
ማክቫላ ናት፣ እስከ ታች ወርዳ፣
ከደረቷ ሥር፣ ከማትገባበት ጓዳ፣
የሱን ቦታ ይዛለት፣
ወንበር እንደሚያዝለት እንግዳ።
የላይኛዋ መንገድ፣ የራሷ መንገድ ግን ባዶ ነበረች።

እኔ ከበሩ ወዲህ፣ እጄ ቁልፉ ላይ፣
እሱ ከበሩ ወዲያ።
ያ ቁም ሣጥን የሚያህል ሰው
አፉን እንደ ልጅ አጥብቦ
የሷን ጀመረ። ቀጭኑን።
ሁለቴ ተሰበረበት። አላቆመም።

ወር ሙሉ በግማሹ ኖሬ
ሙሉውን ሰማሁት ዛሬ፦
ከላይ ያለችው ከታች፣ ከታች ያለው ከላይ፣
ካፖርት ተቀያይረው እንደወጡ ሰዎች፣
እጅጌው አጥሮ፣ ትከሻው ሰፍቶ፣
ግን ሞቋቸው።

መጨረሻዋ ስንኝ ላይ አንድ ድምፅ አልሆኑም።
እሷ እዚያ ቀረች፣ እሱ እዚህ፣
መሃላቸው እንደ መስኮት ክፍት፣
ዝናቡም በዚያ ገባ።
ጣሪያው ያልነገረኝ፣ ያለችው፣ ያኔ ገባኝ።

በሬን አልከፈትኩም።
ጃንጥላ ላውሰው አስቤ ነበር፤
ጫማው ግን ደረጃውን መቁጠር ጀመረ፣
ወደ ላይ፣
ጃንጥላ ወደማያስፈልግበት።