መስመሩ ክፍት ነው

ስቱዲዮ ስንላት ራሷ ትስቃለች፤
እስከ ጣሪያዋ ድረስ የእንቁላል ካርቶን ለብሳለች።
አንዱ ማይክ በፕላስተር፣ ሌላው በክር ታስሮ፣
የጅማ በርጩማ ዙሪያውን ተደርድሮ፤
እንግዳ በተቀመጠ ቁጥር ሲጢጥ ይላል፤
አድማጭ ግን ለምዶታል፣
«ሰው መጣላቸው» ብሎ ድምፁን ይጨምራል።

ሞገዳችን ሩቅ አትሄድ፤ አዌቱን ተሻግራ፣
የጅሬንን ዳገት ጀምራ፣
ወገቡ ላይ ታርፋለች።
ከዚያ ወዲያ ሹክሹክታ፣ ከዚያ ወዲያ ተራራ።

የምትናገረው ነጂሃ ናት፤ እኔ ከመስታወቱ ጀርባ
ገመድ የማፈታታ፣ ድምፅ የማስገባ።
የሟች ስም አትስትም፣ ከነአያቱ ትጠራለች፤
የሹም ማዕረግ ግን ትዘነጋለች።
«ይቅርታ አድማጮቻችን፣ የቴክኒክ ችግር ነበር»
ስትል የሰማችሁ ዕለት፣
ችግሩ እኔ ነኝ፤ እንተዋወቅ በክብር።

ጠዋት በኦሮምኛ፣ ቀትር ላይ በአማርኛ፣
ቅዳሜ በዳውሮኛ፣ እሁድ ደግሞ በየምኛ፤
የጠፋ መታወቂያ፣ የባዘነች በቅሎ፣
የወረዳ ስብሰባ፣ የቡና ዋጋ በኪሎ፣
የሠርግ ዘፈን ምርጫ፤ አንዱን ሦስት ሰፈር ጠይቆ
ሦስቱም «የኛ ነው» ተባብለው፣ ጠቡ በአየር ላይ አልቆ።
የለቅሶ ጥሪ ስናነብ ሙዚቃ አናስከትልም፤
አንድ ደቂቃ ዝም።
ዝምታውንም የምለቀው እኔ ነኝ፤ በዚህ አልታማም።

ያን ማክሰኞ ሰዓት ተዛባ፤ ሁለት እንግዳ ባንድ ወንበር፦
አቶ ነዚፍ ከውሃ ቢሮ፣ ፋይል በእጃቸው ነበር፤
አባባ ሻንካ ደግሞ፣ ከሄርማታ፣ ግንድ ሰንጣቂው፣
የዳውሮ ድንካ ተሸክመው፣ ከቁመታቸው የሚልቀው፤
በሩ አልበቃው ብሎ ግማሹ ደጅ ቀረ፤
የወጣውን ጫፍ አንድ ሊስትሮ ትከሻው ላይ አኖረ።

«ውሃው አለ» አሉ አቶ ነዚፍ፤ «መስመር ላይ ነው፣ ጥቂት ትዕግሥት።»
ስልኩ ጮኸ። «መኪያ ነኝ፣ ከኪቶ። አሥራ አንድ ቀን፣ አሥራ አንድ ሌሊት።»
«እህቴ፣ ሪፖርቱ እንደሚለው...»
«ሪፖርቱን ይተዉት፣ ቧንቧዬን ያነጋግሩት፤ ይኸው!»
ስልኳን አፉ ላይ ደቅና ከፈተችው።

ጉርር... እስስ... ፍፍፍ።
ስም ሊጠራ ተከፍቶ፣ ስሙ እንደጠፋው የሽማግሌ አፍ።
ድምፁን ከፍ አደረግሁ፤ ያቺ ቁልፍ የእኔ ነች።
ጅማ ባዶ ቧንቧ አዳመጠች።

«ይቺን ትንፋሽ አውቃታለሁ» አሉ አባባ ሻንካ፤
«ድንካም እኮ ባዶ ቧንቧ ናት፤
ልዩነቱ፣ ከኋላዋ ሰው አላት።»
ነፉ።
ግማሹ ድምፅ ለእኛ፣ ግማሹ ለመንገዱ፤
ባጃጆች ጥግ ያዙ፣ ተሳፋሪ ሳያወርዱ።
አቶ ነዚፍ አንድ ቃል ሲጽፉ በመስታወቱ አየሁ፦
«ኪቶ»። ከሥሩ ሁለት መስመር።
ልጠላቸው ፈልጌ ነበር፤ ተውሁ።

ረቡዕ ልጆች በየመንገዱ ቧንቧውን እየመሰሉ ተጫወቱ፤
አንዱ ሾፌር የስልኩ ጥሪ አደረገው፣ እስክትሰለች እናቱ።

ሐሙስ ማታ «መስመሩ ክፍት ነው» አለች ነጂሃ። ጭር።
ደግማ አለች። ጭር።
ገመድ ነካካሁ፣ ፊውዝ ፈታሁ፣ ይቅርታ ልንጠይቅ ስንጀምር
አንድ ጥሪ ገባ። የሚናገር የለም፤
ወፍራም ድምፅ ብቻ፣ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣ አፍ እስኪደርስ አይቆም።
ጀሪካን ሲሞላ እንዲያ ነው፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፤
የልጅ ሳቅ፣ «ተራዬ ነው» የሚል ሰው ከኋላ።

ነጂሃ ልትናገር ስትል በመስታወቱ እጄን አነሳሁ።
ሰባት ጀሪካን ሙሉ ለቀቅሁ፤ የማስታወቂያውን ሰዓት ረሳሁ።
ሙዚቃ አላስከተልሁም።
ከጅሬን ወዲያ ተሰምቶ እንደሁ አላውቅም፤
ድፍርስ ነበር ይላሉ ውሃው፤
በራዲዮ አይታይም።