የሦስተኛ «ለ» ጥያቄ

ከሙይናቅ በስተ ሰሜን፣ መንገድ በሌለበት፣
መኪናዬን ነዳሁ ባሕር በነበረበት።
ጎማዬ ዛጎል ሲፈጭ ከሥር ይሰማኛል፤
በዚሁ አየር ላይ አባቴ በጀልባ አልፎ ያውቃል፣
የዛሬ ስልሳ ዓመት፣ ከእኔ ጣሪያ በላይ፣
መረቡን እየሳበ፣ ጎሕ ሲቀድ ሲያይ።

የሦስተኛ «ለ» ልጆች ካሶኒው ላይ ሞልተው፣
በየጉልበታቸው ችግኝ አስቀምጠው።
አይሳኔም ለችግኟ ሻርፕዋን ደርባለት
ጣሪያዬን አንኳኳች፦ «ቀስ በል፣ ብርድ ገባበት!»

ደረስን። ነፋሱ ጨው ያነሣል ከምድር፤
የዛገ መርከብ ቆሟል፣ ግመል ተኝቶ ጥላው ሥር።
መምህርት ጉላይም አላበዛችም ቃል፤
«ባሕሩን ማን ጠጣው?» አለች። ነፋስ ያፏጫል።
«ግመሎቹ!» አለ አንዱ። «ፀሐይ!» አለች ሌላዋ።
እሷም ፈገግ አለች፣ ነፋስ ሲታገል ከጉፍታዋ።

«የሸሚዛችሁን ኮሌታ ያዙ።»
ያዙ።
«ከምንድን ነው?» «ከጥጥ!» «ጥጡስ ምን ጠጣ?»
ሠላሳ ሁለት እጅ ኮሌታ እንደያዘ፣ አንድም ድምፅ አልወጣ።
እኔም ከመኪናው ጥግ፣ ሳያዝዘኝ ማንም ሰው፣
የገዛ ኮሌታዬን ጣቴ ሄዶ ነካው።
በእነሱ ዕድሜ ሳለሁ ጥጥ ለቅሜያለሁ፣ በትምህርት ቀን፤
«ጎበዝ!» እያሉ ሪባን ሰክተውልን።

ከዚያ ጉድጓድ ቆፈሩ። ሳክሳውል አያምርም፤
ቅጠል አለው አይሉት፣ አበባው እዚህ ግባ አይባልም።
ሥሩ ግን ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች
ይወርዳል፤ አሸዋም በሥሩ ተይዛ መብረሯን ተወች።
ለአንድ ችግኝ አንድ ኩባያ ውሃ ነው የታዘዘው።
አይሳኔም ከመጠጫዋ ግማሹን ጨመረች፤
ጉላይም አይታለች። እንዳላየች ሆነች።

ልንመለስ ስንል ጃልጋስ እጁን አወጣ፦
«መምህርት፣ ያ ባሕር ተመልሶ ቢመጣ፣
ዛፎቻችን ሁሉ ሰምጠው አይሞቱም ወይ?»
ጉላይም ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ሰማይ።

የእጇን ጭቃ በቀሚሷ ጠረገች፤ ቆየች።
«ጃልጋስ፣» አለች፣ «ያ ችግር የገጠመህ ዕለት
ሮጠህ ና። ጫማህን ሳታወልቅ፣ እንደረጠበ፣ ግባ ከቤት።
ምንጣፌ ይበላሽ።»

ሞተሩን አስነሣሁ። መንገዱን ሁሉ አልተናገርኩም።
አይሳኔም እንቅልፍ ወስዷታል፤
ሻርፕዋ አንገቷ ላይ የለም።